ብርድ ነው አሉኝ

ዛሬ ሐሙስ ከሥነ ልቦና ባለሙያዬ ጋር ስድስተኛ ቀጠሮዬ ነበር። ከሆስፒታሉ ስወጣ የጦሳ ጉም እስከ ፒያሳ ወርዶ ባጃጆቹ በቀን መብራት አብርተው ይሄዱ ነበር። ልጄን አጥብቼ አስተኛሁና ደብተሬን አወጣሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ አራስ ቤት ነው። በወለድሁ በአራተኛው ቀን ያለ ምክንያት አለቀስሁ። «ብርድ ነው» አሉኝ። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተቆረቆረች ደሴ በብርድ የማይመካኝ ሕመም የለም። መስኮቱ ተዘጋ፤ ጋቢ ተደረበልኝ፤ እናቴ አናቴን ቅቤ ቀባችኝ፤ አጥሚቱና ገንፎው አልተቋረጠም። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አዛውንት በየማለዳው እየመጡ ዱዓ ያደርጉልኝ ነበር። ሲወጡ «አብሽሪ ልጄ፣ ያልፋል» ይሉኛል። ይህን ቃል እወደዋለሁ፤ ወሎ ያሳደገው ሰው ሁሉ ይወደዋል። ነገር ግን በሰማሁት ቁጥር ልናገር ያሰብሁትን እውጠው ነበር። «አብሽሪ» ለተባለ ሰው ከ«አሜን» ሌላ ምን መልስ አለው?

ከወለዱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስና ማልቀስ የብዙ እናቶች ነገር ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም ይለቃል። የእኔ አልለቀቀም። ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ለእንግዶቹ ስስቅ ዋልሁ፤ በማግስቱ ከአልጋ መነሣት አቃተኝ። በስድስተኛውና በአሥረኛው ሳምንት ለክትባት ስወስዳት ክብደቷን መዘኑ፣ እድገቷን መዘገቡ፤ ስለ እኔ የጠየቀ አልነበረም። በአሥራ አራተኛው ሳምንት ግን አንዲት ወጣት ነርስ ካርዱን እየሞላች «አንቺስ እንቅልፍ ይወስድሻል?» አለችኝ። ልጄን እንዳቀፍሁ እዚያው አለቀስሁ። ወደ ሆስፒታል የላከችኝ እርሷ ናት።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ በመጀመሪያው ቀን ያለፉትን ሰባት ቀናት የሚመለከቱ አሥር ጥያቄዎች ጠየቀችኝ። የመጨረሻው ራሴን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብኝ እንደሆነ የሚጠይቅ ነው። ረጅም ጊዜ ዝም አልሁ። «ከስንት አንዴ» ስላት አልጮኸችም፣ አልገሠጸችኝም፣ «ስለ ልጅሽ ብለሽ» አላለችኝም። መቼ መቼ እንደሚመጣብኝ፣ በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ማን እንደሚኖር ረጋ ብላ ጠየቀችኝ፤ በቀጣዩ ቀጠሮም ባለቤቴ አብሮኝ እንዲመጣ አደረገች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሐሳቡን በሰው ልብ የሚተክል ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን ብቻዬን የተሸከምሁትን ሌላ ሰው አብሮኝ እንደያዘው ሆኖ ተሰማኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከወለዱ እናቶች ከመቶ 13 ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል፤ በአብዛኛው ድብርት ነው። በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ቁጥሩ ወደ 20 ይጠጋል። በዚህ ስሌት እኔ ከተቀመጥሁበት የክትባት አግዳሚ ወንበር ላይ ስንቶቻችን ነበርን? በፓኪስታን ገጠር ቤት ለቤት የሚሄዱ የጤና ሠራተኞች እናቶችን በንግግር እንዲረዱ ሠልጥነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሕፃናቱ ስድስት ወር ሲሞላቸው በድብርት ውስጥ የቀሩት እናቶች ከመቶ 23 ነበሩ፤ ይህን እርዳታ ካላገኙት ግን ከመቶ 53። እኛም በየደጃፉ የሚያንኳኩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። ያቺን የነርሷን አንዲት ጥያቄ እነርሱም ቢጠይቁ ምኞቴ ነው፤ እኔ አሥራ አራት ሳምንት ጠብቄአታለሁ።

በየሳምንቱ ምክር እቀበላለሁ ብዬ ነበር የገመትሁት። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ግን ምክር አታበዛም። ጠዋት ጠዋት ልጄን ይዤ ደጅ ፀሐይ ላይ እንድቀመጥ፣ ሌሊት አንዱን ተራ ባለቤቴ እንዲይዝ ተስማማን። እናቴ አራስን ደጅ ማውጣቱን ሰምታ ተቆጣች፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ግን በርጩማውን ራሷ አወጣችልኝ።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራዬ ገጹን ሦስት ቦታ ከፍሎ መጻፍ ነው። በመጀመሪያው ዓምድ የሚያስጨንቀኝን ሐሳብ ጻፍሁ፦ «ልጄን የማልወድ እናት ነኝ።» በሁለተኛው ይህን የሚደግፈውንና የሚቃወመውን። የሚደግፈው፦ እንደወለድኋት ሲያስታቅፉኝ ደስታ አልተሰማኝም። የሚቃወመው፦ የረሃቧን ልቅሶ ከእንቅልፏ ልቅሶ ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድሜ እለያለሁ፤ ትናንት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተራው የባለቤቴ ሆኖ ሳለ፣ ገና ሳታለቅስ ነቅቼ እግሯን ሸፍኛለሁ።

ሦስተኛው ዓምድ «ታዲያ ምን ልበል?» የሚል ነው። በግድ አትሙዪው ብላኛለች። ባዶውን ትቼዋለሁ፤ ልጄ ነቃች።