የነዳጅ መብራቱ ከበራ በኋላ

«መብራቱ ከበራም በኋላ ብዙ ይሄዳል፣ አትጨነቅ።» ይህን ያልሰማ ሹፌር ያለ አይመስለኝም። አንዳንዱማ የመኪናዬን ልክ አውቃለሁ ብሎ፣ መርፌው ታች ተኝቶ እያየ ማደያውን አልፎ ይሄዳል። ነገ እሞላለሁ ይላል። ነገም እንደዚሁ።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ታንከሩ ሩብ ሲደርስ መሙላት ያስፈልጋል። መንገድ ላይ ላለመቆም ብቻ አይደለም ይህን የምለው። ዋናው ምክንያት ታንከሩ ውስጥ ነው ያለው።

አሁን በብዛት የምንነዳቸው የቤንዚን መኪኖች ነዳጅ የሚረጩት በኢንጀክተር ነው። የነዳጅ ፓምፓቸው ደግሞ ታንከሩ ውስጥ፣ ነዳጁ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። በካርቡሬተር ዘመን ፓምፑ ብዙውን ጊዜ ከሞተሩ ጎን ይታሰር ስለነበር የታንከሩ መጉደል ያን ያህል አይጎዳውም ነበር። የአሁኑ ግን በኤሌክትሪክ የሚዞር ነው፤ መኪናው እስከሠራ ድረስ እሱም ይዞራል። ሲዞር ይሞቃል። የሚያቀዘቅዘው ነዳጁ ነው፤ ውስጥ ውስጡን የሚያለሰልሰውም ያው ነዳጁ ነው። (ኤሌክትሪክ ቤንዚን ውስጥ እንዴት እሳት አያስነሳም ለሚል ሰው፦ እሳት አየር ይፈልጋል፤ ነዳጁ ውስጥ ደግሞ ለማቃጠል የሚበቃ አየር የለም።)

ነዳጁ ሲጎድል ፓምፑ ራቁቱን ይቀራል። በውስጡ የሚያልፈው ነዳጅ ትንሽ ያቀዘቅዘዋል፣ ዙሪያውን የከበበው ግን የለም። እየጎደለ ሲሄድ ደግሞ አልፎ አልፎ አየር መሳብ ይጀምራል። አየር አያለሰልስም፣ አያቀዘቅዝም። አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ፓምፑን እንደ ኩባያ ባለ ነገር ውስጥ ያስቀምጡታል፤ መኪናው ሲታጠፍም ሆነ ዳገት ሲወጣ ጥቂት ነዳጅ ዙሪያው እንዲቀር። ጥሩ መላ ነው። ግን ኩባያውም የሚሞላው ከታንከሩ ነው።

አንድ ቀን በመብራት ስለተነዳ ፓምፕ አይሞትም። የሚገድለው ልማድ ነው። ሁልጊዜ ጥቂት ሊትር እየጨመረ፣ መብራቱን እያበራና እያጠፋ የሚነዳ ሰው ፓምፑን በሙቀት እያስረጀው ነው። ሲበላሽም ቀላል ሥራ አይደለም፦ በአንዳንዱ መኪና የኋላ ወንበሩን አንስቶ በክዳኑ በኩል ይወጣል፣ በአንዳንዱ ግን ታንከሩ ራሱ መውረድ አለበት፤ ያኔ የዕቃው ዋጋ፣ የሠራተኛው ጉልበት፣ ያለ መኪና የሚያልፈው ቀን ሁሉ ተደምሮ በአንድ ጊዜ ይመጣል።

ስለ ቆሻሻው ትክክለኛውን ልናገር። «ባዶ ታንከር ቆሻሻ ያስስባል» ሲባል እንሰማለን። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ፓምፑ ታንከሩ ሙሉም ይሁን ጎዶሎ ሁልጊዜ የሚስበው ከታች ነው፤ አፉ ላይ ወንፊት አለው፣ ከዚያም ፊልትሮ አለ። ስለዚህ መብራት በበራ ቁጥር ጭቃ ወደ ሞተር አይገባም። ያረጀና ታንከሩ የብረት የሆነ መኪና ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ዝገት ይኖራል። ውሃም ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ነዳጁ ሲያንስ የቀረችው ጥቂት ነዳጅ ከወዲህ ወዲያ እየተላጋች ያንን ሁሉ ትበጠብጠዋለች።

አሁን ወደ መርፌው እንምጣ። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነው።

ታንከሩ ውስጥ አንድ ተንሳፋፊ አለ፣ በቀጭን የብረት ክንድ ጫፍ ላይ የታሰረ። ነዳጁ ሲወርድ ይወርዳል፣ ሲወጣ ይወጣል። የክንዱ ሌላኛው ጫፍ አንድ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገድብ ዕቃ) ላይ እየተንሸራተተ ምልክት ይልካል። በቃ፣ ጌጁ ማለት ይኸው ነው። ሊትር የሚቆጥር ነገር የለም። ታንከሩ ደግሞ ቀጥ ያለ ሣጥን አይደለም፤ ለጭስ ማውጫውና ለኋላ እግሩ ቦታ ሲለቅ የተጣመመ ነው። ስለዚህ ከሙሉ እስከ ግማሽ ቀስ ብሎ የወረደ መርፌ ከግማሽ በታች ሲሮጥ ብታዩ አትገረሙ። ዳገት ላይ ነዳጁ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ፊት፣ ረጅም መታጠፊያ ላይ ወደ ጎን። ተንሳፋፊው አብሮ ይሄዳል። መኪናው መርፌው እንዳይዘል ቀስ አድርጎ ያሳየዋል እንጂ እውነተኛውን ልክ አያውቀውም።

«ቀሪ ርቀት» ብሎ ዳሽቦርዱ ላይ የሚጽፈው ቁጥርም ግምት ነው። የሚሰላው በቅርብ ከነዳችሁበት ፍጆታ ተነስቶ ነው። ሜዳ መንገድ ላይ በእርጋታ ስትነዱ ቆይታችሁ 60 ኪሎ ሜትር ቢላችሁ፣ ከዚያ ዳገት ወይም መጨናነቅ ውስጥ ስትገቡ ያ ቁጥር በየደቂቃው ይወድቃል። የተሰላው ለኋላው መንገድ ነው፣ ለፊቱ አይደለም።

መብራቱስ? በብዙ ትናንሽ መኪኖች ሲበራ ከ5 እስከ 8 ሊትር ገደማ ይቀራል። ከመኪና መኪና ይለያያል፤ የእናንተን በመመሪያው መጽሐፍ ፈልጉ። የጓደኛ መኪና 80 ኪሎ ሜትር ሄደ ማለት የእናንተ ይሄዳል ማለት አይደለም።

ነዳጅ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን በደንብ አስቡት። ዳገት እየወጣችሁ ነው። መጀመሪያ ትረግጣላችሁ፣ መኪናው ይዘገያል። አንድ ሁለቴ ይንገጫገጫል፣ መልሶ ይስባል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። መሪው በሞተሩ ጉልበት የሚታገዝ ከሆነ ወዲያው ይከብዳል። ፍሬኑ የተጠራቀመ እገዛ ስላለው ለአንድ ለሁለት ጊዜ በደንብ ይይዛል፣ ከዚያ ይደነድናል፤ ይሠራል፣ ግን ሙሉ ጉልበት ይፈልጋል። ከኋላ ያለው መኪና ደግሞ ምንም አያውቅም። እኔን ከፓምፑም በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። እንዲህ ከሆነባችሁ ፍሬኑን ደጋግማችሁ አትርገጡ፤ አንዴ ረግጣችሁ ያዙ። አራቱንም ፍሬቻ አብሩ፣ መኪናው እየተንከባለለ ሳለ ጠርዝ ያዙ። ሳይቆም ቁልፉን አትንቀሉ፣ መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

መንገጫገጩ ራሱም ጉዳት አለው። ሳይቃጠል ያለፈ ነዳጅ ጭስ ማውጫው ላይ ወዳለው፣ ጭሱን ወደሚያጸዳው ካታሊስት ገብቶ እዚያ ይቃጠላል፤ ካታሊስቱ ከልኩ በላይ ይግላል። የሱን ዋጋ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የናፍጣ መኪና ያላችሁ ደግሞ ከሁላችንም በላይ ተጠንቀቁ። የናፍጣ ከፍተኛ ግፊት ፓምፕ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። ዘመናዊዎቹ ከ1,600 ባር በላይ ግፊት ይፈጥራሉ፤ እዚያ ውስጥ ብረት ከብረት በደረቁ ሲፋተግ የሚፈጠረው ብናኝ ወደ ኢንጀክተሮቹ ይሄዳል። መስመሩም አየር ይይዛል። ናፍጣ ስለጨመራችሁ ብቻ ላይነሳ ይችላል፤ መጀመሪያ አየሩ መውጣት አለበት።

«ታንከሩ ሲቀል ነዳጅ ይቆጥባል» የሚሉም አሉ። ቤንዚን በሊትር 0.75 ኪሎ ገደማ ነው። የ50 ሊትር ታንከር ግማሹ ከ20 ኪሎ አይበልጥም። ከ1,000 ኪሎ በላይ በሚመዝን መኪና ላይ ይህ በኪስ የሚታወቅ ልዩነት አያመጣም።

ገንዘብ ሲያጥር ሙሉ መሙላት እንደማይቻል አውቃለሁ። ግን ታስቦበት ከሆነ፣ ከባዶ ወደ ሩብ እየሞሉ ከመኖር ከሩብ ወደ ግማሽ እየሞሉ መኖር የሚያስወጣው ያው ነው። ልዩነቱ የመጀመሪያው አንድ ቀን ብቻ ነው።

አሁን መብራቱ በርቶባችሁ ማደያው ሩቅ ከሆነ ፍጥነት ቀንሱ። መኪናውን ከፊት የሚገፋው አየር ከፍጥነት በላይ ነው የሚያድገው፣ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን እሱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ በ120 ስትነዱ መኪናውን የሚይዘው አየር በ90 የሚይዘውን 1.8 እጥፍ ገደማ ያህላል። ኤሲውን አጥፉ። በዝግታ ርገጡ፣ ከፊት ያለውን አይታችሁ ቀድማችሁ ልቀቁ። ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መልቀቅ የሚቆጥብ የሚመስላቸው አሉ። በኢንጀክተር መኪና ተቃራኒው ነው፦ ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁን ስታነሱ ኢንጀክተሮቹ መርጨት ያቆማሉ፣ ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይፈልጋል። ዜሮ አድርጎ መልቀቁ ሞተሩ መኪናውን እንዳይይዝም ያደርጋል። ሞተር አጥፍቶ መውረድማ ፈጽሞ አይሞከርም።

ካለቀባችሁና ሰው በጀሪካን ካመጣላችሁ አንድ ሊትር አይበቃም፤ በተለይ መኪናው ዘንበል ብሎ ከቆመ ያች ሊትር ፓምፑ አፍ ላይ ላትደርስ ትችላለች። አምስት ሊትር ይሁን። ከጨመራችሁ በኋላ ወዲያው ሞተር ለማስነሳት አትታገሉ። ቁልፉን ዳሽቦርዱ እስኪበራ ድረስ ብቻ አዙሩ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆዩ፤ በብዙ መኪኖች ከኋላ በኩል ቀጭን የፓምፕ ድምፅ ይሰማል። አጥፉ። ሁለት ሦስቴ ድገሙት። ከዚያ አስነሱ፣ ቀጥታም ወደ ማደያ።