ሞተሩ ደህና ነው

ያገለገለው ሰርኩላር (እንጨት በሚሽከረከር ጥርሳም ዲስክ የሚሰነጥቀው ማሽን) ወርክሾፕ ከገባ ጀምሮ ጆሮዬ አላረፈም። ሲነሳ ዱብ ዱብ ይላል፤ ፍጥነቱን ሲይዝ ደግሞ ከሥሩ ክርርር የሚል ሌላ ድምፅ ይሰማል። ከጎን የሚሠሩት ጋሼ ቆም ብለው ሰሙና «ልጄ፣ ሞተሩ አልቆለታል፤ ቶሎ አስጠቅልለው» አሉኝ። የሞተር ጥቅለላ፣ ማለትም የውስጥ ሽቦውን በአዲስ ማስጠምጠም፣ ዋጋው ቀላል አይደለም። አንድ ነገር ግን ልቤን አላሳመነውም፦ የኤሌክትሪክ ድምፅ ማብሪያው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ይሄ ክርርታ ግን ዲስኩ እስኪቆም ድረስ ይከተላል።

ዛሬ ከሰዓት ሶኬቱን ነቅዬ የሞተሩን ዙር ወደ ዲስኩ የሚያደርሰውን የጎማ ቀበቶ፣ ችንጋውን፣ አወጣሁ፤ ከዚያ ሶኬቱን መልሼ ሞተሩን ብቻውን አስነሳሁት። ምንም የለበትም! እንዴት ደስ እንዳለኝ።

የዱብዱብታው ምክንያት እጄ ላይ ነበር። ማሽኑ ሳይሠራ ብዙ ስለቆመ ችንጋው በፑሌጃው (በሚዞርበት ክብ መዘውር) ላይ የታጠፈበትን ቅርፅ ይዞ ቀርቷል። መሬት ላይ ሳስቀምጠው ክብ አይሆንም፤ ወደ ውጭ ሳጥፈው ደግሞ የውስጥ ፊቱ ተሰነጣጥቋል። እሱን በአዲስ መለወጥ ነው።

ክርርታው ሌላ ነው። ዲስኩን ፈትቼ እሱ የሚታሰርበትን ዘንግ፣ ሻፍቱን፣ በጣቴ ቀስ አድርጌ ሳዞረው አሸዋ የበላ ይመስል ይጎረብጣል። ወደ ላይና ወደ ታች ስነቀንቀውም ይንቀሳቀሳል። ይህ ከጩኸት ያለፈ ጉዳይ ነው፤ ሻፍቱ ከተንገዋለለ ዲስኩ ይወላገዳል፣ የተያዘ እንጨት ደግሞ ወደ ሠራተኛው ተመልሶ ይወረወራል። ስለዚህ «ሁሉም ያገለገለ ማሽን ይጮኻል» ብሎ ማለፍን አልቀበልም።

ሻፍቱ የሚዞርበትን ባለ ኳስ ቀለበት፣ ኩሽኔታውን፣ አውጥቼ ስጠርገው 6203 የሚል ቁጥር ታየኝ፦ ቀዳዳው 17፣ የውጭ ስፋቱ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር። ቁጥሩ ዓለም አቀፍ ስለሆነ የማሽኑን ስም መጥራት እንኳ አያስፈልግም፤ ልብስ ማጠቢያ ውስጥም ይገባል። ሁለቱም ጎኑ በጎማ የተሸፈነውን መረጥኩ፤ የእንጨት ብናኝ ውስጡ ገብቶ ግራሶውን (ማለስለሻ ቅባቱን) እንዳያደርቀው።

ስንገጥም በመዶሻ የውጩን ቀለበት እየደበደቡ ሻፍት ላይ ማስገባት የተለመደ ነው፤ በጣም ያናድደኛል። ምቱ በኳሶቹ በኩል ያልፍና መንገዳቸውን ያጎደጉደዋል፤ አዲሱ ኩሽኔታ ገና በመጀመሪያው ቀን መጮህ ይጀምራል። እኔ የውስጡን ቀለበት ብቻ የሚነካ ቁራጭ ቱቦ ፈልጌ ቀስ በቀስ ገፋሁት። ከዚያ ሁለቱን ፑሌጃዎች በቀጥ ያለ አልሙኒየም አስተካከልኩ፤ የላላውንም የፑሌጃ ብሎን አጠበቅሁ።

አሁን የቀረው የዲስኩ ጥርሶች አየር ሲቆርጡ የሚያሰሙት ፉጨት ነው፤ እሱ የጤና ነው፣ ጆሮ መሸፈኛ ግን ይፈልጋል። ነገ ደግሞ ጋይዱ (እንጨቱ ተደግፎ የሚገፋበት መሪ) ከዲስኩ ጋር ትይዩ መሆኑን ከፊትና ከኋላ እለካለሁ፤ የዋንዛ ጣውላው የሚሰነጠቀው ከዚያ በኋላ ነው።