ከሞተ በኋላ ድምፅ የሰጠ ወረዳ

ባለፈው እንዳወራኋችሁ፣ ዘንድሮ የትርፍ ጊዜዬን የወሰደብኝ ከካርታ ላይ የተሰረዙ ወረዳዎችን መከታተል ነው። ሦስት ወር ሆነኝ፤ ያውም አንድ ወረዳ ላይ ብቻ። እህቴ ደብተሬን አገላብጣ "ይህን ሁሉ ቀን አንድ ወረዳ?" ብላ ስቃብኛለች። እውነቷን ነው። ግን ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል፣ ሲገቡበት የሚተበትብ ዓይነት ሆነብኝ።

ወረዳው ዱይቮር ይባል ነበር። ያለው በሰሜን ምዕራብ ዌልስ ነው። ሊን የሚባለው ባሕረ ገብ መሬት እንደ ክንድ ወደ ባሕሩ የተዘረጋበት አካባቢ ማለት ነው።

እዚያ ያደረሰኝ የራሳችን ታሪክ ነው። ስለ ጣሊያን ወረራ ሳነብ ሰኔ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ላይ ደረስኩ፤ በፈረንጅ ጁን 18 ቀን 1936 መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ከተያዘች ስድስት ሳምንት አልፏል። ጃንሆይ ጄኔቫ ላይ ሊናገሩ 12 ቀን ቀርቷቸዋል። የእንግሊዝ መንግሥት በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሳ ወስኖ ይህንኑ ለምክር ቤቱ አሳወቀ። ያኔ ሽማግሌው ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ ተነሡ። ይህ የፈሪ እጅ መስጠት ነው አሉ፤ ጣታቸውን ወደ ሚኒስትሮቹ ወንበር ቀስረው ፈሪዎቹም እነዚያው ናቸው አሉ። ደስ አለኝና ሰውየው ማን እንደነበሩ ማገላበጥ ጀመርኩ። ከ1916 እስከ 1922 ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በ1945 ደግሞ "የዱይቮር ኧርል ሎይድ ጆርጅ" የሚል የመኳንንት ማዕረግ ተሰጣቸው። ዱይቮር ምንድን ነው? አልኩ። ከዚህ በኋላ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጅ ነው፤ ሁለቱን እየቀላቀልኩ እንዳላደናግራችሁ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ እዚሁ ነው። ደብተሬ ላይ "ዱይቮር፦ ጥንታዊ ወረዳ፣ ሎይድ ጆርጅ ማዕረጋቸውን የወሰዱበት" ብዬ ጻፍኩ። በሙሉ እምነት፣ ያውም በእስክሪብቶ! ለካ ወረዳው የተፈጠረው ኤፕሪል 1 ቀን 1974 ነው። ሰውየው ካረፉ 29 ዓመት ሆኗቸዋል። ዱይቮር ወንዝ ነው። ሎይድ ጆርጅ ያደጉባትን ላንስቲምዱይ የምትባል መንደር አቋርጦ ያልፋል። ያሳደጓቸው አጎታቸው ጫማ ሰፊ ነበሩ። ኧርሉ የተቀበሩትም እዚያው ወንዝ ዳር ነው፤ መቃብራቸው ላይ ያረፈው ትልቅ ቋጥኝ ነው። እና ማዕረጉ ከወረዳው አልመጣም፣ ወረዳውም ከማዕረጉ አልመጣም። ሁለቱም የጠጡት ከአንድ ወንዝ ነው።

ስለ አጠራሩ ትንሽ ልበል፣ ብዙ የደከምኩበት ነውና። ስሙ በላቲን ፊደል Dwyfor ተብሎ ይጻፋል። በዌልስኛ ነጠላዋ ኤፍ "ቭ" ናት። ደብልዩ ብዙ ጊዜ እንደ "ኡ" ሆና ትነበባለች። "ቮር" የመጣው ከ"ማውር" ነው፤ ትልቅ ማለት ነው፤ እንዲህ ባለ ቦታ ሲገባ ግን "መ" ወደ "ቭ" ይለወጣል። ጎረቤቱ ያለው ወንዝ ደግሞ ዱይቫኽ ይባላል፤ "ባኽ" ትንሽ ማለት ነው። ትልቁ ዱይ እና ትንሹ ዱይ እንደ ማለት። ሁለቱ ባሕር ከመድረሳቸው በፊት ይገናኛሉ። እንግሊዞች የሚንቋት "ኽ" እኛ ዘንድ ፊደል አላት፤ እዚህ ላይ ትንሽ ኮርቻለሁ። ፑልሄሊ የሚለው የከተማ ስም ውስጥ ያለው ድርብ ኤል ግን አሸንፎኛል። ምላስን "ለ" ለማለት አስቀምጦ አየር ማስወጣት ነው አሉ። እኔ የማወጣው ምራቅ ነው።

ወደ አስተዳደሩ ስንመለስ፣ በ1972 የወጣ ሕግ ዌልስን እንደ አዲስ በ8 ካውንቲዎች (ከወረዳ በላይ ያለ እርከን ነው) እና በ37 ወረዳዎች ከፈላት። ግዊነዝ የተባለው ካውንቲ አምስት ወረዳ ደረሰው፤ አንዱ ዱይቮር ነው። የፑልሄሊ፣ የፖርትማዶግና የክሪክየት ከተሞች፣ የሊን ገጠርና ከግዊርቫይ ገጠር የተቆረሰ ክፍል ተሰፍተው አንድ ሆኑ። ጽሕፈት ቤቱ ፑልሄሊ ተቀመጠ። ሥራው እንደማንኛውም ወረዳ ነው፤ የመንግሥት ቤት ማከራየት፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ የግንባታ ፈቃድ። ይህን ክፍል አንብቤ ስጨርስ አሰልችቶኝ ነበር ብል አልዋሸሁም።

በ1994 ሌላ ሕግ መጣና የካውንቲና የወረዳ ደረጃዎቹን ደምስሶ 22 ምክር ቤቶች ብቻ አስቀረ። ዱይቮር ከጎረቤት ወረዳዎቹ ከአርቮንና ከሜሪዮኒዝ ጋር ተዋሕዶ ኤፕሪል 1 ቀን 1996 ከሰመ። አዲሱን አካል ሕጉ "ካርናርቮንሻየርና ሜሪዮኒዝሻየር" ብሎት ነበር። ምክር ቤቱ ግን በማግሥቱ ስሙን ግዊነዝ ብሎ ለወጠው። አንድ ቀን እንኳ በደንብ አልቻሉትም! እኔም ሠንጠረዤ ላይ "ዱይቮር፣ 1974–1996፣ 22 ዓመት" ብዬ መስመር አሰመርኩና ደብተሬን ዘጋሁ።

ከሳምንት በኋላ ግን ሌላ ቦታ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ በኖቬምበር 1996 በዱይቮር ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ኖቬምበር? ወረዳው በኤፕሪል ሞቷል እኮ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ ሁለት ምሽት ቀኖቼን ስፈትሽ አመሸሁ። ቀኖቹ ልክ ናቸው።

ነገሩ የመጠጥ ነው። በ1881 በዌልስ እሑድ እሑድ መጠጥ ቤት እንዳይከፈት የሚከለክል ሕግ ወጣ። ለዌልስ ብቻ ተለይተው ከወጡ ሕጎች ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከኋላው የነበረው ጉልበት የቻፕሎቹ ነው፤ ከእንግሊዝ መንግሥታዊ ቤተ ክርስቲያን የተለዩት ፕሮቴስታንቶች ጸሎት ቤቶች ማለቴ ነው። በዚያ አካባቢ ስካርን መዋጋት የሃይማኖትም የፖለቲካም ጉዳይ ነበር። ለምሳሌ የዌልስ ብሔርተኞች ፓርቲ ፕላይድ ካምሪ በ1925 ሲመሠረት ስድስት ሰዎች የተሰበሰቡት ፑልሄሊ ውስጥ ባለ ሆቴል ነው። ሆቴሉ መጠጥ የማይሸጥበት ነበር። ፓርቲ በቢራ ሳይሆን በሻይ መመሥረቱ ነው፤ ሻይ መጠጣታቸውን እንኳ ከራሴ ነው የጨመርኩት።

በ1961 አዲስ ሕግ ምርጫውን ለየአካባቢው ሰጠ። በየሰባት ዓመቱ ድምፅ ይሰጣል፤ እሑድ ይከፈት ያለው "እርጥብ"፣ ይዘጋ ያለው "ደረቅ" ይባላል። መጀመሪያ የሚቆጠረው በካውንቲ ነበር። ከ1974ቱ ክፍፍል በኋላ ግን ወረዳዎቹ ለየብቻ ይቆጠሩ ጀመር። ያሰለቸኝ የቆሻሻ ማንሳትና የግንባታ ፈቃድ ድንበር ሳይታሰብ የእሑድ ቢራ ድንበር ሆነ። አንድ በአንድ ሁሉም ረጠቡ። ከ1989 በኋላ በመላ ዌልስ ደረቅ ሆኖ የቀረው ዱይቮር ብቻ ነው።

ይህን በካርታ ላይ ማየት አለባችሁ። ፖርትማዶግ ጫፍ ላይ ኮብ የሚባል አንድ ማይል ገደማ የሚረዝም ግድብ መሰል መንገድ አለ። በ1811 የተሠራ ነው፤ ባሕሩን ከመሬቱ ለይቶ ይዟል። ማዶው ሜሪዮኒዝ ነው። ወዲህ ደረቅ፣ ወዲያ እርጥብ። እሑድ ከሰዓት አንድ ብርጭቆ ያማረው ሰው በእግሩ ሊሻገረው ይችላል። ለነገሩ የክበብ አባል ከሆነ መሻገርም አያስፈልገውም፤ ክልከላው መጠጥ ቤቶችን እንጂ የአባላት ክበቦችን አይነካም ነበር። ሕጉ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ነበረው።

1996 ሲደርስ የሰባት ዓመቱ ተራ እንደገና መጣ። ወረዳው የለም። ምክር ቤቱ የለም። ድምፅ የሚሰጥበት ክልል ግን ያው የድሮው ዱይቮር ነው። ሕዝቡ ወጣና እሑድ ይከፈት አለ። ከ1881 ጀምሮ ከቆጠርነው 115 ዓመት የቆየ ደረቅ እሑድ በዚያ አበቃ። ያበቃውም ከከሰመ ሰባት ወር ባለፈው ወረዳ ስም ነው።

ስሙ ዛሬም አለ። ዱይቮር ሜሪዮኒዝ የሚባል የፓርላማ ምርጫ ክልል አለ፤ ሜሪዮን-ዱይቮር የሚባል ኮሌጅም አለ። መጀመሪያ ላይ እነዚህንም ከወረዳው ጋር እየቀላቀልኩ ሁለት ገጽ አበላሽቻለሁ። አሁን ደብተሬ ውስጥ ለወንዙ፣ ለማዕረጉ፣ ለወረዳውና ለምርጫ ክልሉ የተለያየ ቀለም ሰጥቻለሁ። እንደኔ የጠፋ ወረዳ ለመከታተል የሚያስብ ካለ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ያድርገው። እና በእርሳስ ይጻፍ።

የቀረችኝ ካርታዋ ናት። ከ1974 እስከ ኤፕሪል 1996 ያለውን ድንበር በቀይ ወፍራም መስመር ጨርሻለሁ። ከኤፕሪል እስከ ኖቬምበር ላለው ጊዜ ምን ዓይነት መስመር እንደምጠቀም ግን ግራ ገባኝ፤ ያለም የሌለም ድንበር ነውና። ለጊዜው በእርሳስ ነጠብጣብ አድርጌው፣ ከኮቡ አጠገብ በትንሹ "እሑድ ዝግ ነው" ብዬ ጽፌበታለሁ። የተሻለ ሐሳብ ያለው ይንገረኝ፤ ቀለም ከመቀባቴ በፊት።