ያሳጠርኩት ትርጉም

ሜሪላንድ ውስጥ የሆስፒታል አስተርጓሚ ሆኜ ስሠራ ብዙ የወገብ ሕመምተኞች ገጥመውኛል። ይህኛውን ግን አልረሳውም፤ ማንነቱን የሚጠቁመውን ሁሉ ትቼ ልንገራችሁ።

የታችኛው ወገቡ ዲስክ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ፣ አልቆ መቀመጥ የተሳነው የ36 ዓመት ሹፌር ነው። ታላቅ እህቱ ነጠላዋን ተከናንባ አጠገቡ አለች። ሐኪሙ ባለቀው ፋንታ የሚገባለትን የሰው ሠራሽ ዲስክ ናሙና መዳፉ ላይ አኖሩለት፦ ሁለት የብረት ገጾች፣ በመካከላቸው ነጭ ፕላስቲክ። በአውራ ጣቱ ወዲያና ወዲህ እያዘነበለ «አዲስ ነገር ነው እንዴ?» አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ምሥራቅ በርሊን፣ ሻሪቴ በሚባለው ሆስፒታል እንደተጀመረ፣ አሜሪካም በ2004 እንደፈቀደችው ነገሩት። ሕመሙ ሊቀንስ ይችላል አሉት፤ ይጠፋል ብለው ግን ቃል አልገቡም።

ከዚያ ወደ አደጋዎቹ ገቡ። ቀዶ ሕክምናው በሆድ በኩል ስለሆነ ትልልቆቹ የደም ሥሮች ገለል ይደረጋሉ፤ ሊቀደዱ ይችላሉ። ብረቱ አጥንቱ ውስጥ ሊሰምጥ ስለሚችል የአጥንት ጥንካሬ አስቀድሞ ይለካል። እንደገና መክፈት ቢያስፈልግ፣ የደም ሥሮቹ በጠባሳ ስለሚጣበቁ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል። ይህን ሁሉ አንድ ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩ።

ቀጥሎ የመጣው ሌላ ነበር። ከመጨረሻው ዲስክ ፊት የሚያልፉ ቀጫጭን ነርቮች ከተጎዱ የዘር ፈሳሹ ወደ ውጭ መውጣቱ ቀርቶ ወደ ሽንት ፊኛ ይመለሳል፤ ፍላጎቱ ባይነካም ልጅ ለመውለድ ያስቸግራል፤ የሚፈልግ ሰው ዘሩን ቀድሞ በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ ይችላል። እህትየውን አየኋት። ይሉኝታ ያዘኝ። «ለወንዶች አንዳንድ ችግር ሊኖረው ይችላል» ብዬ አለፍኩ።

ራሱን ነቀነቀ፤ ብዕሩን አንሥቶ ፈረመ።

የሐኪሙ ረጅም ማብራሪያ በእኔ አፍ አንድ መስመር ሆኖ ሲወጣ ማንም አልጠየቀኝም። ዛሬም የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ሰውየው የፈረመው እኔን አምኖ ነበር።

ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጠዋት ያጎደልኩትን ለኃላፊዬ ነገርኳት፤ ሐኪሙም ሰውየውን ብቻውን አስጠሩት። አሁን ሁሉንም በስሙ ጠርቼ ተረጎምኩለት። ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ባለቤቴ ከጎንደር ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው። ልጅ አልወለድንም» አለ፤ ቀስ ብሎም የፈረመበትን ወረቀት እንዲመልሱለት ጠየቀ።

ቀዶ ሕክምናው ተራዝሞ፣ ዘሩን ካስቀመጠ በኋላ ተደረገለት። ከስድስት ወር በኋላ ለክትትል ሲመጣ እንደ ድሮው በአንድ ጎኑ ተደግፎ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አገኘሁት። ከአሥር ስምንት ይለው የነበረውን ሕመም ሦስት አለው፤ ረጅም መንገድ ሲነዳ ግን አሁንም መኪናውን አቁሞ መራመድ አለበት።

ሐኪሙ ስለ ነርቮቹ ሊጠይቁት ወረቀታቸውን ሲገልጡ እኔ ወደ እህትየው ዞርኩ። እሱ ቀደመኝ፦ «እትዬ፣ እስቲ ትንሽ ውጭ ቆዪኝ።»