ታኮ ይዘሻል?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛዬ መታወቂያ ኮፒ ልታስደርግ መጣች። ስለ እናቷ ጠየቅኳት። «አልሐምዱሊላህ፣ አልጋ ላይ ናት። ሁለት ወር ሆናት። ውሃ እንኳ በእጇ አናስነሳትም» አለችኝ። በኩራት ነው የነገረችኝ። እኔም ከ3 ዓመት በፊት እንዲሁ በኩራት እናገር ነበር። ማሽኑን አጥፍቼ ብዙ ለፈለፍኩባት መሰለኝ፣ መታወቂያዋን ረስታ ሄደች። ማታ ሳስበው፣ ለእሷ ያልኳትን ለሌላውም ልጻፈው አልኩ።

አባዬ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። አሰብ እስኪዘጋ ድረስ፣ ማለትም እስከ 1990 ዓ.ም.፣ ከኮምቦልቻ በባቲ በሚሌ አድርጎ አሰብ ሲመላለስ ነው የኖረው። ኤንትሬ ነበር የሚነዳው። ስለዚያች መኪና ሲያወራ እናቴ፣ አላህ ይማራትና፣ «ጣውንቴ» ትላት ነበር።

ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የሆነውን እዚያ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል፤ አልደግመውም። እኛ መኪና አላገኘንም። አባዬ በ74 ዓመቱ በሀረጎ ቁልቁለት ኮምቦልቻ ድረስ ከእኛ ጋር በእግሩ ወረደ። 20 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት ጊዜ ብቻ አረፈ፣ እሱም ለእኔ ብሎ ነው። በዓመቱ ይኸው ሰውዬ ከአልጋው እስከ ሽንት ቤት መሄድ አቃተው።

በመሃል ነሐሴ ላይ ሳንባ ምች ይዞት ነበር። ሆስፒታል 9 ቀን ተኛ። ሳንባው ዳነ፣ ለዚያ ምስጋና ይግባቸው። ግን 9 ቀን ሙሉ አንድም ሰው «እስኪ ይነሱ» አላለውም። ስንቱን አልጋ ብቻዋን የምትዞር ነርስ ላይ ግን አልፈርድም። የባሰው የእኛ ነው። ጠያቂ ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ይመጣል፣ አልጋውን ከቦ ይቀመጣል። አባዬ ቀና ሊል ሲል አምስት ሰው ተነስቶ መልሶ ያስተኛዋል። «ኧረ አይንቀሳቀሱ! አይድከሙ!»

ቤት ስንገባ ደግሞ እንክብካቤውን ጨመርነው። እኛ ጋ ሽማግሌ ከመቀመጫው ሲነሳ ዝም ብሎ የሚያይ ልጅ ያልተቀጣ ነው። ጫማውን እኔ አቀርባለሁ። እህቴ እጁን ታስታጥባለች፣ ፍትፍቱን ታጎርሳለች። ወንድሜ ከሪያድ በኢሞ እየደወለ «እንዳታንገላቱት» ይላል። ዳይፐሩንም የላከው እሱ ነው። ስለ ዳይፐሩ እውነቱን ልናገር። ለእኛ እንቅልፍ ብለን ነው ያደረግንለት። መጀመሪያው ሳምንት ላይ «ሽንቴ መጣ» ይል ነበር። «ግድ የለም፣ እዚያው» አልነው። በሁለተኛው ሳምንት መጣራቱን ተወ። አሁን ሳስታውሰው የሚያመኝ ያ ዝምታው ነው። ያኔ ግን «ተመስገን፣ ለመደው» ነበር ያልነው።

ከግቢያችን ጀርባ አንዲት ነርስ አለች። ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት፣ እኔም እንዲሁ ልበላት። አንድ ቀን ከተረኛነት ስትወጣ ልትጠይቀው ገባች። ቡናው ቀርቦ ነበር። አቦሉን እንኳ ሳትጨርስ «አባቴ፣ ጀርባዎን ልየው?» አለችው። አገላበጥነው። ከወገቡ ዝቅ ብሎ፣ አጥንቱ ጎላ ያለበት ቦታ ላይ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ጠቆር ያለች ነገር ነበረች። አይተናት ነበር። ጥላሸት የነካው ነበር የመሰለን። እህቴ ጠዋት ማታ በቫዝሊን ታሻት ነበር።

ሲስተር የእጇን ጀርባ አስጠጋች፣ ከዚያ የእኔን እጅ ይዛ አስነካችኝ። ዙሪያው ቀዝቃዛ ነው፣ እሱ ቦታ ግን ይሞቃል፣ ጠንከርም ይላል። «ይቺ ቁስል ናት» አለች። «ገና አልተከፈተችም እንጂ ጀምራለች።» ነጭ ሰው ላይ ቀልቶ እንደሚታይ፣ እንደ አባዬ ያለ ጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ስለማይለይ በእጅ ሙቀቱን መፈተሽ እንደሚያስፈልግ ያኔ ነው ያወቅኩት። አንድ ቦታ ላይ ብዙ ሲተኛ አጥንቱ ከውስጥ፣ ፍራሹ ከውጭ ቆዳውን ይጨምቁታል። ደም አይደርሰውም። ማሸቱ ደግሞ የተጎዳውን ሥጋ የባሰ ይጎዳዋል። እህቴ ይህን ስትሰማ የቫዝሊኑን ዕቃ ከመስኮቱ ላይ አንስታ ደበቀችው።

ሌላም ጉድ ነበረን። መቀመጫው እንዳይቆስል ብለን ከጎሚስታ ቤት ከመነዳሪ ገዝተን፣ ነፍተን፣ ከሥሩ አድርገንለት ነበር። አባዬ እንኳ «ከዕድሜ ልክ ሹፍርና በኋላ ጎማ ላይ ተመለስኩ» ብሎ ስቆ ነበር። ሲስተር አስወጣችው። ለካ ክቡ ነገር ዙሪያውን እየጨቆነ መሃሉን ደም ያሳጣል። በእሱ ፈንታ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ነው አለች። በጉልበቶቹ መሃል ትራስ። ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቱ ሥር የተጠቀለለ ጋቢ። ሲገላበጥ ደግሞ አንሶላው ላይ እየጎተትን አይደለም፣ ለሁለት አንስተን ነው። ሰዓቱን የምናውቀው በስልክ አላርም ነበር። እህቴና እኔ በፈረቃ ሆንን። ለ11 ቀን እንዲህ አደረግን። ያቺ ቦታ ቀዘቀዘች፣ ለሰለሰች፣ ጠፋች። ቢከፈት ኖሮ ወራት ይፈጅ ነበር ብላናለች።

ከዚያ ሲስተር ዋናውን ነገር አመጣች። «ማን ነው ተኛ ያለው?» አለች። እርስ በርስ ተያየን። ሐኪሙ ይረፍ ብሏል አልናት። «ይረፍ ማለት ይተኛ ማለት ነው እንዴ?» ጤነኛ የሆኑ አዛውንቶችን 10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ አውለው ሲለኩ፣ ከእግራቸው ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ እንደጠፋ ነገረችን። ጤነኛ፣ በ10 ቀን! የእኛው ደግሞ ታሞ ነበር፣ ሁለት ወር አልፎታል። ባቱን ያዝኩት። ከክንዴ አይበልጥም። ሀረጎን የወረደ እግር ነው ይኼ።

በማግስቱ ተጀመረ። መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ እግሩን አውርዶ መቀመጥ ብቻ። ብድግ ሲል ያዞረዋል፤ የግፊት ኪኒን ለሚወስድ ሰው ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ተቀምጦ የእግሩን መዳፍ ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ነው የሚነሳው። ይህን ስታስረዳው አባዬ ሳቀ። «ናፍጣ መኪና ሳትሞቅ አይነዳም በይኛ!» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እግሩን ሲያወዛውዝ «ሞተር እያሞቅኩ ነው» ይላል። ደሴ ብርድ አይደል፣ ምክንያት አላጣም።

ቀጥሎ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ መጣ። መጀመሪያ ሁለቴ ብቻ ነው የቻለው። በሦስተኛው ሳምንት አምስቴ። የፕላስቲክ ወንበር ይንሸራተታል፣ በርጩማው ደግሞ ዝቅ ያለ ነው፤ የእንጨት ባለ እጅ መደገፊያ ወንበር ከግድግዳ አስጠግተን ነው ያሠራነው። ከዘራውንም በተሳሳተ እጅ ነበር የሚይዘው። የሚደክመው የግራ እግሩ ነው፣ ከዘራውንም በግራ ይይዛል። በቀኝ ነው መሆን ያለበት። እኔ እስከዛሬ በደከመው በኩል ነበር የሚመስለኝ። እስቲ መንገድ ላይ ሽማግሌዎችን እዩ፣ ስንቱ በተሳሳተ እጁ እንደያዘ።

ለሽንት ቤቱ አናጢ ጠርተን መሃሉ የተቀደደ ወንበር አሠራን። ቁጢጥ ብሎ መነሳት ነው የሚጥለው። መንገዱ ላይ ያለውን የድንጋይ ንጣፍ አረንጓዴ ሽበቱን ፋቅነው፣ መብራት ሰቀልን። ዳይፐሩ ቀረ። ወንድሜ ተቆጣ። «አባቴን ታንከራትታላችሁ» ብሎ አንድ ሳምንት አልደወለም። በቪዲዮ ቆሞ ሲያየው ነው የተመለሰው።

ምግቡም ተቀየረ። ፍትፍት ለስላሳ ነው ብለን እሱን ብቻ ነበር የምናበላው። ሲስተር ለእግር ሥጋ የሚሠራው እንቁላል፣ ምስር፣ ወተት፣ እርጎ ነው አለች። በእጁ ይብላ፣ ቢያንጠባጥብም ይብላ አለች። እህቴ ይህን ለመቀበል ከሁሉም በላይ ነው የከበዳት። አባቷ ሸሚዙ ላይ ወጥ ሲያፈስ ቁጭ ብላ ማየት! ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር የምትቀመጠው።

አሁን ታኅሣሥ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሌሊት አባዬ ተነስቶ «ጭነቱ ተጫነ ወይ? ረዳቱ የት ሄደ?» ይለኝ ጀመር። እኔን አላወቀኝም። ጎህ ሲቀድ ባቲ መድረስ አለብን ይላል። በቃ ጃጀ አልን። ጎረቤት መጣ፣ ዱአ ተደረገ፤ አክስቴ «ዕድሜው ነው፣ ተዉት» አለች። ሲስተር ጠዋት መጣችና የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ «መቼ ጀመረው?» ትናንት ማታ። «መጃጀት በአንድ ሌሊት አይመጣም» አለች። ሽንቱን አየችው፣ ጥቁር ሻይ ይመስላል። ላቦራቶሪ ስንወስደው የሽንት ኢንፌክሽን ነው። ትኩሳት እንኳ አልነበረውም። ሽማግሌ ሰው ላይ ኢንፌክሽን አንዳንዴ ያለ ትኩሳት፣ በመቀባዠር ብቻ እንደሚመጣ ማን ነግሮን? መድኃኒቱን ወሰደ፣ ውሃ ጠጣ፣ በሳምንቱ ስለ ሌሊቱ ስንነግረው «ምን ነበር የጫንኩት?» ብሎ ጠየቀ።

ውሃ መጠጣቱንም ለምን እንዳቆመ ያኔ ተናዘዘ። ሌሊት እኛን እንዳያስነሳ ብሎ ነው። እኛ ጨርሶ አልጠማውም ብለን ነበር። ዕድሜ ሲገፋ ጥማቱ ራሱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጠማኝ እስኪል መጠበቅ የለም። ደግሞ ከግፊት ኪኒኖቹ አንዱ ሽንት የሚያበዛ ሆኖ ሳለ ማታ ነበር የምንሰጠው! ሐኪሙን ጠይቀን ወደ ጠዋት አዞርነው። ውሃውን ቀን ቀን ይጠጣል፣ ከመግሪብ በኋላ ይቀንሳል። ሌሊት የሚነሳው አንዴ ብቻ ሆነ።

አምና ለመስከረም 21 ጥቂት ቀን ሲቀረው ሱቄ በር ላይ አንዲት እናት እግራቸውን ዘርግተው አረፉ። የግሸን ተጓዥ ናቸው። በየዓመቱ ደሴን ሞልተዋት ያልፋሉ። ውሃ ሰጠኋቸው። ዕድሜያቸውን ስጠይቅ «ጣልያን ሲወጣ የተወለድኩ ነኝ» አሉኝ። አስሉት፣ 1933 ነው። ያንን ተራራ በእግራቸው ሊወጡ! «ልጆችዎ ፈቀዱልዎ?» አልኳቸው። «ማን ጠይቋቸው!» ብለው ከዘራቸውን አነሱ። ያን ቀን ሬዲዮኑ ስለ ዓለም አረጋውያን ቀን ያወራ ነበር። ተመድ በፈረንጆች ኦክቶበር 1 ላይ ያደረገው ቀን ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከግሸን ጋር ይገጥማል። ይኸው ተመድ ከ2021 እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ የጤናማ እርጅና አስር ዓመት ብሎታል። ጤናማ እርጅና የሚሉት ከበሽታ ነፃ መሆንን ብቻ እንዳልሆነ፣ ሰውየው የሚወደውን ነገር ራሱ ማድረግ መቻሉን እንደሆነ ሰማሁ። ሴትዮዋ ሬዲዮኑን አልሰሙትም፣ ጥለውኝ ሄደዋል።

አባዬ የሚወደው ነገር መስጊድ ሄዶ መስገድ ነው። ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰግድ ነበር፣ ይቻላል። ግን ከጓደኞቹ ጋር ከሶላት በኋላ ደጅ ላይ የሚያወሩት ወሬ ቤት ውስጥ የለም። የእኛ ሰፈር ደግሞ እንደ ደሴ ሰፈሮች ሁሉ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ስምንት ወር ፈጀበት። መጀመሪያ እስከ ግቢው በር፣ ከዚያ እስከ ውሃ ቦኖው፣ ከዚያ እስከ ሱቁ።

አሁን 78 ዓመቱ ነው። እንደ ድሮው አይደለም፣ ልዋሽ አልችልም። በጣም ሲበርድ አይወጣም፣ አንዳንድ ቀን ይደክመዋል፣ ዓምና ክረምት አንዴ ወድቆ እጁ ተላልጧል። ያን ጊዜ እህቴ አልጋውን አንጥፋ ነበር የጠበቀችው፤ እሱ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሻይ አዘዘ።

ጁምዓ ጁምዓ አብሬው እወርዳለሁ። መደገፍ አልተፈቀደልኝም። ከኋላው ሦስት እርምጃ ርቄ ነው የምሄደው፣ እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ፣ ለመያዝ እየቃጣኝ። ሲመለስ ዳገቱ መሃል ላይ ይቆማል። ከዘራውን ይተክላል፣ ይተነፍሳል። ድሮ ኤንትሬዋ ዳገት ላይ ስትቆም ረዳቱ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ ያደርግ ነበር፣ ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት። አባዬ ዞር ሳይል ይጠራኛል።

«ታኮ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«እንግዲያው ዝም ብለሽ ቁሚ።»