ለደጋንም ለጣትም የሚሆን የደብል ቤዝ ክር

ስለ ደብል ቤዝ (ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ ባለ አራት ክር ቤዝ) ክር የሚጻፈው አብዛኛው ምክር ወይ ኦርኬስትራ ውስጥ በደጋን ለሚጫወት ነው፣ ወይ ጃዝ በጣቱ ለሚመታ። እኔ ደሴ ከክራርና ከማሲንቆ ጋር ነው የምጫወተው። ክራሩ ሲገረፍ በጣቴ እመታለሁ፤ ማሲንቆው ብቻውን ሲያንጎራጉር ደግሞ ደጋን አንስቼ ከስር አንድ ድምፅ ይዤ እቆያለሁ። አንዳንዴ ሁለቱም በአንድ ዘፈን ውስጥ ይመጣሉ።

የጃዝ ሰዎች የሚምሉት በቪየናው ቶማስቲክ ስፒሮኮር ነው። የብረት ክር ነው፤ በጣት ሲመታ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ቶሎም አይጠፋም። በደጋን ግን ለመነሳት ይዘገያል፣ አዲስ ሲሆን ደግሞ ይፋጫል። መፋጨቱ ብዙም አያሳስበኝም። የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ላይ ከሚሄድበት ማሲንቆ አጠገብ ትንሽ ሻካራ ድምፅ ማን ልብ ይለዋል?

የሚያስቸግረኝ አለመጥፋቱ ነው። አምባሰል ቅኝት ላይ ሁለተኛው ድምፅ ከመነሻው የሚርቀው በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። የመታሁት መነሻ ገና ሳይከስም ዘፋኟ ወደ ሁለተኛው ስትሻገር ሁለቱ ይጋጫሉ። ማሲንቆ የሚመቱልን ጋሼ አንድ ምሽት፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር አንተ ዝም ካልክ በኋላም ያወራል እኮ» አሉኝ። በእጅ ማፈን ይቻላል፤ ግን ምሽቱን ሙሉ ሲያፍኑ ማምሸት ጨዋታ አይደለም። ባቲ ማይነር ግማሽ ድምፅ ስለሌለው እዚያ ላይ ስፒሮኮር ሲያጉረመርም ደስ ይላል።

የጅማት ክር ድምፁ ቶሎ ይከስማል፣ ለአምባሰል ይመቻል። እርጥበትና ሙቀት ሲለዋወጥ ግን ቅኝቱ ይሸሻል። በደሴ ጭጋግ የቃኙትን ይዞ ኮምቦልቻ ወርዶ መጫወት አይታሰብም። ውስጡ ሰው ሠራሽ የሆነው የፒራስትሮ ኦብሊጋቶ ወደ ጅማቱ ድምፅ ይጠጋል፤ ለእኔ ክራሩ ሲፈጥን ይለሰልስብኛል።

አሁን የዳዳሪዮ ሄሊኮር ሃይብሪድ ነው የጫንኩት። ሄሊኮር ለኦርኬስትራ፣ ለፒዚካቶ ማለትም በጣት ለመምታት፣ እንዲሁም ለሁለቱም ተብሎ ይሠራል፤ ሃይብሪዱ የመጨረሻው ነው። ደጋን ሲነካው ቶሎ ይነሳል፣ በጣት ሲመታም የሚበቃውን ያህል ቆይቶ ይተዋል። ወፍራሙ የኢ ክር ላይ ግን ስፒሮኮሩን አላወረድኩም። እዚያ ክር ላይ ደጋን የማሳርፈው ከስንት አንዴ ነው፤ በጣት ደግሞ የሚተካው አላገኘሁም።

ይሄ ደሴ ሱቅ ገብተው የሚገዙት ዕቃ አይደለም፤ የሚመጣው ውጭ ባለ ዘመድ ሻንጣ ነው። ስለዚህ የምትልኩትን ሰው ሁለት ነገር አስጠንቅቁት፦ መጠኑ እንደ አብዛኛው ቤዝ 3/4 ይሁን፣ ማሸጊያው ላይ «ሶሎ» የሚል ካለ አይግዛ። የሶሎ ክር አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ተደርጎ እንዲቃኝ የተሠራ ነው፤ በተለመደው ቅኝት ይላላል።

ስትቀይሩም አንዱን አውርዳችሁ፣ አዲሱን ጭናችሁ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ። አራቱም አንድ ላይ ከወረዱ ክሮቹን የሚሸከመው ድልድይ ይወድቃል፣ ሆዱ ውስጥ በክሮቹ ግፊት ብቻ የቆመችው እንጨትም ልትወድቅ ትችላለች። እሷን መልሶ የሚያቆም ባለሙያ ደሴ ውስጥ የምታውቁ ካላችሁ ለእኔም ንገሩኝ።