ሬዲዮኑን ክፈቺው

ዛሬ ደብሮኛል። መብራት የለም፣ ስልኬ 14 ፐርሰንት ላይ ነው፣ እኔ ደግሞ የቀረችውን ባትሪ አክስቴ የለጠፈችውን ፎቶ እያየሁ ልጨርሳት ነው። እቺን አክስቴን ታውቋታላችሁ። ትርፍ አንጀቴን ያስወጣሁ ቀን ተኝቼ አንስታኝ፣ አፌ ተከፍቶ፣ ክንዴ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶ፣ ከብርድ ልብሱ ባመለጠው እግሬ ላይ የወንድሜ ካልሲ፣ "ወገኖቼ በጸሎት አስቧት" ብላ ፌስቡክ ላይ ለቀቀችኝ። ከ200 በላይ ሰው "እግዚአብሔር ይማርሽ" ብሏል። አሜን። ግን የድሮ አለቃዬም አለበት እኮ!

ደውዬ ምነው ሳትጠይቂኝ ስላት "ምን የሚደበቅ ነገር አለው፣ ነውር ሠራሽ እንዴ?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ጠበቃው ጓደኛዬ መጀመሪያ ሆዱን ይዞ ሳቀብኝና ከዛ ክሰሻት አለኝ፣ በ1952 የወጣው ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለፈቃዱ አደባባይ ማውጣት ይከለክላል አለ፣ አክስቴ ገና ሳትወለድ ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወት ይከበር ይላል። እሺ ይበል፣ አንቀጽ ጠቅሼባት በየትኛው ዓይኔ ነው ቤቷ ሄጄ ቡና የምጠጣው?

ግን "ነውር ሠራሽ እንዴ" የሚለው ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ገመናዬን ሸፍንልኝ ብለን እንጸልያለን፣ ገመና ግን ያው የሚያሳፍር ነገር ነው። የማያሳፍር ግን የኔ ብቻ የሆነውስ ምን ይባላል? ግላዊነት የሚሉት ቃል አለ፣ ስልጠና ላይ ካልሆነ ከሰው አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

የቀበሌ ቤት ስንኖር እኛን ከእትዬ በ. የሚለየን ጋዜጣ የተለጠፈበት ቺፑድ ነበር። እሳቸው ሲያስነጥሳቸው እማዬ እዚህ ሆና "ይማርዎት" ትላለች፣ "ያኑርሽ" ይላሉ ከወዲያ። አባዬ አምሽቶ ገብቶ ቤቱ ሲቀወጥ ግን ምንም አልሰሙም። ጠዋት እማዬን ቡና ጠርተው ስለ ሽንኩርት መወደድ ነው የሚያወሯት፣ ሽንኩርት ብቻ፣ ሦስተኛው እስኪወርድ።

አንድ ሌሊት ደግሞ እሳቸው ሲያለቅሱ ሰማን። አፋቸውን ትራስ ውስጥ ከተው ነው መሰለኝ። እማዬ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና "ሬዲዮኑን ክፈቺው" አለችኝ። በዛ ሰዓት ጣቢያው ተዘግቷል፣ ሽሽሽሽ ብቻ ነው የሚለው። ከፈትኩት። ሽሽሽ እያለ ተኛን።

ያኔ እኛ እንዳንሰማ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው እንደልባቸው እንዲያለቅሱ ይሆን? ግን በእኩለ ሌሊት ባዶ ሬዲዮ የከፈተ ጎረቤት መስማቱ አይታወቅበትም? ወይስ እሱንም እንዳላወቁ ሆነው ነው? ጠዋት ዓይናቸው አብጦ ቡና ጠሩን፣ እማዬ ቀድማ "ሽንኩርት እኮ ዛሬም ጨምሯል" አለች።

4 ፐርሰንት። የእትዬ በ. ልጅ ለካ ፌስቡክ ላይ ጓደኛዬ ናት። ይሄን ላይክ ካደረገችው አለቀልኝ።